ጸጥ ያለ ሆድ

የመታጠቢያ ቤቱ የሽንት መቀመጫ ወይዘሮ ሶልያናን በየጠዋቱ ይወቅሳቸዋል። ሌላው የደሴ ሰው ሲቀመጥበት «እንደምን አደሩ፣ ሆድዎ ሰላም ነው» ብሎ አረንጓዴ ያበራል። እሳቸው ሲቀመጡበት ግን ቢጫ ያበራና «እንደምን አደሩ፣ ሆድዎ ከመደበኛው ውጭ ነው፤ እባክዎ ዛሬም መስኮት አጠገብ ይቀመጡ» ይላል። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳያዛንፍ እንዲሁ ብሏል። እሳቸውም ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ «አንተም እንደምን አደርክ፤ በል አፍህን ዝጋ» እያሉ ክዳኑን ሲያላትሙበት ኖረዋል።

ዘመኑ 2096 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥቅምት ነው። ወይዘሮ ሶልያና ስድሳ ሰባት ሞልቷቸዋል። ሶልያና ዛሬ የአሮጊት ስም ሆኗል። እኩዮቻቸው ሀሴቶች፣ ኤልዳናዎችና ማክቤሎች ናቸው፤ ከዘራ ይዘው ባቡር ሲሳፈሩ ወንበር የሚለቀቅላቸው። ለልጆቻቸው ግን ያወጡት የቅድመ አያቶቻቸውን ስም ነው። ስለዚህ የወይዘሮ ሶልያና ልጅ አትጠገብ ትባላለች፤ ባሏ ጎበዜ ይባላል።

በደሴ፣ እንደ ሌላው አገር ሁሉ፣ ጳጉሜን የኮሶ ወር ነው። ድሮ ሰው በየሁለት ወሩ ኮሶ እየጠጣ ሆዱን ያጥብ ነበር ይባላል። የዛሬው መድኃኒት ከዚያ ዛፍ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ስሙና ምሬቱ ብቻ ቀርቷል። ከተማው በሙሉ ቤቱን ዘግቶ ይጠጣል፣ አንጀቱን አጥቦ ባዶ ያደርጋል። በእንቁጣጣሽ ጠዋት የሆድ ቢሮ ሠራተኞች በየበሩ እየዞሩ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ እንክብል ያድላሉ፤ «ዘር» ይሏታል። በዘሯ ውስጥ ቢሮው የመረጣቸው ስልሳ ዓይነት ተህዋሲያን አሉ። ሰው ይውጣታል፣ ዘሩ ይይዛል፣ እስከሚቀጥለው ጳጉሜን ድረስ የሁሉም ሆድ አንድ ዓይነት ይሆናል። ቁርጠት ምን እንደሚመስል የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። ሆድ አይነፋም፣ አያጉረመርምም፣ ሰው በተሰበሰበበትም ባለቤቱን አያሳፍርም። በዚህ በመጨረሻው ነገር አገሩ በጣም ይኮራል።

ለወይዘሮ ሶልያና ዘሩ አልያዘላቸውም። አራት ጳጉሜን ኮሶውን ጠጡ፣ አራት እንቁጣጣሽ ዘሩን ዋጡ። ለመስቀል የድሮዎቹ ተህዋሲያን ከትርፍ አንጀታቸው ውስጥ፣ ከተደበቁበት ወጥተው እንደ ባለርስት ቦታቸውን ይይዛሉ። ቢሮው ታከተውና «ዘር የማይዝ ሆድ» ብሎ መዝገቡን ዘጋ። በከተማው እንዲህ ያሉ ስድስት ሰዎች አሉ። በባቡርም በስብሰባም መስኮት አጠገብ እንዲቀመጡ ደንቡ ስለሚያዝ ሕዝቡ «የመስኮት ሰዎች» ይላቸዋል። የደሴ ብርድ ደግሞ የታወቀ ነው። ወይዘሮ ሶልያና ኩሩ ሰው ናቸውና፣ የጦሳ ተራራ ነፋስ ጆሮ ግንዳቸውን እየመታቸው ሰው ከሚያያቸው ሰርጉም እድሩም ቢቀርባቸው መረጡ። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት እድርተኛው ያያቸው ለቅሶ ሲሆን ብቻ ነው፤ ድንኳን መስኮት የለውም።

ኩራታቸው ሥራቸው ላይ ነበር። ሠላሳ ሦስት ዓመት በከተማው ባዮጋዝ ጣቢያ ጋን ጠባቂ ሆነው ሠርተዋል። ጋን የሚሉት የከተማው ቆሻሻ የሚብላላበትን፣ ሁለት ፎቅ የሚያህለውን ማጠራቀሚያ ነው። ጣቢያው መለኪያ አጥቶ አይደለም። ወይዘሮ ሶልያና ግን ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ጆሯቸውን ጋኑ ላይ መለጠፍ ነበር። ሲያጉረመርምና ሲንቦጨቦጭ ደህና ነው። ዝም ካለ ታሟል። አዲስ የተቀጠረ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን እጁን ተይዞ ይወሰድና ያዳምጣል። «እዚህ ውስጥ ያሉት አንዱ የአንዱን ትንፋሽ እየበላ ነው የሚኖረው» ይሉታል። «ይሄኛው የሚጥለው አየር ለጎረቤቱ እንጀራው ነው። ጎረቤቱን ካጠፋህበት ቆሞ ያይሃል እንጂ አይሠራልህም።» በእሳቸው እጅ አንድም ጋን ሞቶ አያውቅም። ጡረታ ሲወጡ የተሰጣቸው የምስክር ወረቀት ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ፣ ከሰርግ ፎቷቸው ከፍ ብሎ ተሰቅሏል።

አትጠገብ በመስከረም መጨረሻ ወንድ ልጅ ወለደች። እናቷ ቤት ነው የታረሰችው። ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ገባ፣ ገንፎ በላ፣ መርቆ ወጣ። አትጠገብ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ልጁ ሲያለቅስ ሰው አደራ ብሎ ጥሎባት የሄደውን ዕቃ እንደምታይ ታየዋለች። «ውሰጂው እማዬ» ትላለች፤ «ምንም አይሰማኝም።» መቀመጫው ግን በየጠዋቱ «እንደምን አደርሽ፣ ሆድሽ ሰላም ነው» ብሎ አረንጓዴ ያበራላታል።

ይህ ነገር ስም አለው፤ የአራስ ጭጋግ ይባላል። በዚህ ዘመን ከሁለት አራስ አንዷን ይይዛታል። ስለበዛ ማንም አይደነግጥም፤ ደንብ ወጥቶለታል። እስከ አርባኛው ቀን ካልገፈፈ እናቲቱ ስድስት ወር ማገገሚያ ትገባለች፣ ሕፃኑ ማቆያ ይገባል። ማቆያው ንጹሕ ነው፣ ይሞቃል፣ ልጆቹም አያለቅሱም። ከማገገሚያ የሚመለሱት እናቶች ደህና ናቸው። ልጃቸውን ሲረከቡ «ደህና ዋልክ?» ይሉታል፤ የጎረቤት ልጅ መንገድ ላይ ያገኙ ይመስል።

ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በአርባ ቀኑ ነው። የዚህ ልጅ አርባኛ ቀን ኅዳር ሰባት ይውላል። ክርስትናውና ማስረከቢያው አንድ ቀን ገጠመ። ወይዘሮ ሶልያና ይህን በቀን መቁጠሪያው ላይ ባዩ ጊዜ ሆዳቸው ባባ፤ ቢሆንም አላለቀሱም።

በሃያኛው ቀን ጠዋት የሆድ ቢሮው ባለሙያ ሊለካት መጣ። ባንተይርጋ ይባላል፤ ቀጭን፣ ሰው አክባሪ ወጣት ነው፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። የአትጠገብን ናሙና በያዛት ሳጥን ውስጥ ከተተና ስክሪኗን አየ።

«ሸምጋዩ አለ» አለ። «በብዛት አለ። ዘሩ በደንብ ይዞላታል።»

«ሸምጋዩ ደግሞ ማነው?» አሉ ወይዘሮ ሶልያና።

«ተህዋስ ነው እማማ። ሰው ሲጨንቀው ሰውነቱ የጭንቀት ሆርሞን ይሠራል አይደል? ትርፉ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይወርዳል። እዚያ ሸምጋዩ ይቀበለውና አንዲት ቅንጣት ቆርጦ ይጥልለታል። በቃ፣ ያው የጭንቀት የነበረው የእርጋታ ሆርሞን ይሆናል። እርጉዝና አራስ እናት ከማንም በላይ ትፈልገዋለች።»

«እና አለ ካልክ፣ ለምን አይሸመግልም?»

ባንተይርጋ ሳጥኗን ዘጋ። «እሱን እንጃ። ተቀምጧል። አይሠራም።»

«ቆሞ ያያል» አሉ ወይዘሮ ሶልያና። ወደ አልጋው ሄዱ። «አቱዬ፣ ልብስሽን እስቲ ትንሽ ግለጪልኝ የኔ እናት።»

ጆሯቸውን ልጃቸው ሆድ ላይ ለጠፉ። ባንተይርጋ ነውር ያየ መስሎት ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። አንድ ደቂቃ አለፈ፤ ሁለት ደቂቃ አለፈ። ጉር የሚል ነገር የለም። ጠብ የሚል ነገር የለም። ወይዘሮ ሶልያና ሠላሳ ሦስት ዓመት ሲፈሩት የኖሩት ዝምታ እዚያ ነበር፤ ገዛ ልጃቸው ሆድ ውስጥ።

«ይሄ ጋን ታሟል» አሉ ቀና ብለው። «ስማኝ ልጄ፤ የሸምጋዩ ጎረቤት ማነው? የማንን ትንፋሽ ነው የሚበላው?»

ባንተይርጋ አፈረ። «እሱማ… ነፊው ነበር፤ ሃይድሮጅን የሚያወጣው። ከዘሩ ተነስቷል።»

«ማን አነሳው?»

«ሕዝቡ ነዋ እማማ። በ2061 አቤቱታ ቀርቦ። ትርፍ ትንፋሽ ያበዛል ተብሎ።» ትርፍ ትንፋሽ ቢሮው በጽሑፍ ላይ የሚጠቀምበት ቃል ነው። እውነተኛውን ቃል ማንም አይጽፈውም።

«እና ያለ እሱ ሸምጋዩ እንደማይሠራ ቢሮው አያውቅም?»

«የምንጠረጥር አለን» አለ ባንተይርጋ ወለሉን እያየ። «ግን ስብሰባ ላይ ማን ተነስቶ ይናገረዋል? አለቆቻችን ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ይሉኝታ ይይዛል።»

ወይዘሮ ሶልያና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ያንን አቤቱታ ያውቁታል። እንዴት አያውቁት!

በ2060 ሐምሌ ነው፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ወጣት ነበሩ። ማክቤል የሚባል የሰፈር ሰው ሽማግሌ ላከባቸው፤ እሳቸውም ወደውት ነበር። ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው አባታቸው ሳሎን ተቀመጡ። ሶልያና ብርዝ ሊያቀርቡ ጎንበስ ሲሉ አመለጣቸው። ሽማግሌዎቹ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። ከዚያ አንደኛው ቀስ ብሎ ተነሳና መስኮቱን ከፈተው። ውጭ ዶፍ ነው። ዝናቡ ገብቶ ድፎ ዳቦውን፣ ምንጣፉን፣ የአባታቸውን ጋቢ አራሰው። ተነስቶ የሚዘጋ አንድ ሰው ጠፋ፤ መዝጋት ለምን እንደተከፈተ ማወቅ ይሆናላ። ሽማግሌዎቹ በዚያው ቀሩ። በዓመቱ «ጸጥ ያለ ሆድ ለሁሉም» የሚል አቤቱታ በከተማው ሲዞር የመጀመሪያው ፈራሚ ማክቤል ነበር። ሁለተኛዋ ሶልያና ነበሩ።

የፈረሙበት ተፈጸመ፤ ነፊው ከአገሩ ሆድ ሁሉ ወጣ። ከእሳቸው ሆድ ብቻ እምቢ አለ። ሆድ ይፍጀው ብለው ይህን ለማንም ሳይናገሩ ኖረዋል። በኋላም የጣቢያውን በያጅ አገቡ፤ ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና፤ አፍንጫው በጭስ ስለተበላ ምንም አይሸተውም። አትጠገብን በወለዱ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ እየዘፈኑ ነርሶቹን እንቅልፍ ነስተዋል።

«የኔን መዝገብ አውጣ» አሉት ባንተይርጋን።

አወጣው። ቢጫ ነው። «ሁለቱም አሉ» አለ፤ ዓይኑን ማመን አቃተው። «ሸምጋዩና ነፊው፣ ጎን ለጎን።»

«እንግዲያው ከኔ ወስደህ ስጣት።»

«ይቻላል። ግን እማማ፣ ደንብ አለው።» ሳል ሳል አለ። «ከመደበኛው ውጭ የሆነ ሆድ የሚያጋራ ሰው እድሩ ፊት ቆሞ ሆዱ የሚያደርገውን በግልጽ ቃል መናገር አለበት። አርባ ሰው ደግሞ በሰርግ በለቅሶ ከተቀባዩ ጋር አንድ ቤት ለመቀመጥ ፈቅዶ እጁን ማውጣት አለበት። እስካሁን የሞከረው የለም። ያቺ ‹በግልጽ ቃል› የምትለዋ…»

«እማዬ።» ከአልጋው ነው። አትጠገብ ከግድግዳው ዞራለች። «የመስኮት ሰው ልሆን ነው?»

«አዎ ልጄ። አልዋሽሽም።»

ሕፃኑ በአማቻቸው በጎበዜ ክንድ ላይ ሆኖ በወዲያኛው ክፍል ያለቅሳል። «ሲያለቅስ አንጀቴን እንዲበላኝ እፈልጋለሁ» አለች አትጠገብ። «አይበላኝም እኮ። እሰማዋለሁ፤ ግን አይበላኝም።»

እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። አዳራሹ ውስጥ ዘጠና ሰው ይሆናል። ሊቀመንበሩ ጋሽ ማክቤል ናቸው፤ ያው ማክቤል። ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል፣ ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች፣ ከዘራቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ለወይዘሮ ሶልያና መስኮቱ ሥር ወንበር ተትቶላቸዋል። እሳቸው የጣቢያውን ሰማያዊ ካፖርት ለብሰው፣ ባጁን ደረታቸው ላይ ሰክተው ገቡ። ወንበሩን አልፈውት ሄደው መሐል አዳራሽ ቆሙ። ከአጠገባቸው ያሉት ሰዎች ስለ ብርዱ መጨዋወት ጀመሩ።

«ስለ ብርዱ በኋላ ትጫወታላችሁ» አሉ ወይዘሮ ሶልያና። «ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በመስኮቱ ነው። ደንቡ በግልጽ ቃል ተናገሪ ይላል፤ እናገራለሁ። እኔ ፈሳም ነኝ።»

አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። ፊት ለፊት የተቀመጠች ሴት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ከኋላ አንድ ጎረምሳ ድምፁን ለውጦ «ፈሳም ዝላይ አይችልም» አለና ሳቅ ተነሳ።

«ማነህ አንተ? ፊቴ መጥተህ ተርትብኝ እንጂ!» አሉ ወይዘሮ ሶልያና። ጎረምሳው ከሰው ትከሻ ኋላ ተሸሸገ። «ሠላሳ ሦስት ዓመት የዚህን ከተማ ምድጃ ያነደደው የምን አየር መሰለህ? አንተ ያደግክበትን ወተት ያፈላው ያ የምትስቅበት ነው። ዝላዬን ደግሞ አሁን ታየዋለህ።»

ከዚያ እንደ ሥራ ገለጻ አድርገው ነገሩን ከሥሩ ነገሯቸው፤ ሸምጋዩን፣ ነፊውን፣ የአንዱን ትንፋሽ የሚበላውን ሌላውን፣ አትጠገብ ሆድ ላይ የሰሙትን ዝምታ። «ሰው እንዳይስቅብን ብለን ጎረቤቱን አጠፋንበት፤ ሸምጋዩም እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ይህን ያደረገብን ሌላ ማንም አይደለም። አቤቱታው ላይ ሁለተኛዋ ፈራሚ እኔ ነኝ። ከባድ ጥፋት ነው ያጠፋሁት፤ ልጄ ናት የከፈለችው። አንደኛውን ፈራሚ አልጠራም፤ ራሱ ያውቃል።» ጋሽ ማክቤል ፊታቸው ያለውን ወረቀት ያገላብጣሉ። ወረቀቱ ግን አንድ ገጽ ብቻ ነበር።

«አሁን አንድ ነገር ልጠይቅ። እዚህ ካላችሁት ውስጥ አራስ ሆና ጭጋግ የያዛት፣ ማገገሚያ የገባች፣ እጇን ታውጣ።»

ይህም የሚነገር ነገር አልነበረም፤ ሴቶቹ ሄደው ይመለሳሉ፣ ጎረቤቱም «ከዘመድ ቤት ተመለሽ?» ይላቸዋል። መጀመሪያ እጇን ያወጣችው በነጠላዋ አፏን የሸፈነችው ሴት ናት። ከዚያ ከግራ በኩል ሁለት። ከዚያ እዚህም እዚያም። ግድግዳው ላይ ያለው እጅ ቆጣሪ ሰባት አለ፣ አሥራ ዘጠኝ አለ፣ ሠላሳ አንድ ላይ ቆመ። በሦስተኛው ረድፍ እጃቸውን ካወጡት አንዷ የጋሽ ማክቤል ልጅ ናት። ዓይኗን ከአባቷ ላይ አልነቀለችም።

«አታውርዱ» አሉ ወይዘሮ ሶልያና። «ከልጄ ጋር አንድ ቤት ለመቀመጥ የምትፈቅድም እጇን ታውጣ።»

አንዲትም አላወረደችም። ባሎቻቸው አጠገባቸው ያለውን እጅ ቀና ብለው አዩና የራሳቸውን ጨመሩ። እናቶቻቸው ጨመሩ። ቆጣሪው አርባን አልፎ ሄደ። በመጨረሻ ያ ጎረምሳም ከተሸሸገበት እጁን ብቻ አወጣ።

ሊቀመንበር ድምፅ አይሰጥም፤ ቁጥር ግን ያነባል። ጋሽ ማክቤል ተነሱ። «ሃምሳ ስምንት» አሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው ደገሙት። «ሃምሳ ስምንት። ጸድቋል።»

ሲወጡ በር ላይ ተገናኙ። ጋሽ ማክቤል የሆነ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። «ዘንድሮ ብርዱ በርትቷል» አሉ።

«በርትቷል» አሉ ወይዘሮ ሶልያና፤ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ሰኞ አትጠገብ ያለ ወሩ ኮሶ ጠጣች። ማክሰኞ ባንተይርጋ ከእናቷ ሆድ ያዘጋጃቸውን አሥራ አንድ እንክብሎች ዋጠች። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ወይዘሮ ሶልያና በየጠዋቱ፣ ፊታቸውን እንኳ ሳይታጠቡ፣ ጆሯቸውን ልጃቸው ሆድ ላይ ይለጥፋሉ። በሠላሳኛው ቀን ዝም። በሠላሳ አንደኛው ዝም። በሠላሳ ሦስተኛው ቀን፣ ጥቅምት ሠላሳ፣ ከሩቅ፣ አንዲት ቀጭን ጉርርታ። እስትንፋሳቸውን ይዘው ጠበቁ። ደገመችው። ጎበዜን ጠርተው አስደመጡት፤ ባንተይርጋንም ስልክ ደውለው አስመጥተው አስደመጡት። እንደ አዲስ ተቀጣሪ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ፤ በዚህ ጊዜ ነውር ነው አላለም።

በማግስቱ ጠዋት አትጠገብ መታጠቢያ ቤት ገባች። ወይዘሮ ሶልያና በሩ ላይ ቆመዋል። «እንደምን አደርሽ፣ ሆድሽ ከመደበኛው ውጭ ነው፤ እባክሽ ዛሬ መስኮት አጠገብ ተቀመጪ» አለ መቀመጫው፤ ቢጫው መብራት በበሩ ሥር ወጣ። ወይዘሮ ሶልያና እልልታቸውን አቀለጡት። ፎቁ ሁሉ በሩን ከፈተ። በዚያ ሕንጻ ውስጥ ለቢጫ መብራት እልል ያለ ሰው ከዚያ በፊት የለም።

አሁንም አራት ቀን አለፈ፤ አትጠገብ ፊቷ ወደ ግድግዳው ነው። ቢሮው የማስረከቢያውን ቅጽ ልኳል፤ ጎበዜ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ሳያየው ያልፋል። በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ከሰዓት ሕፃኑ አለቀሰ። ወይዘሮ ሶልያና ወጥ ቤት ነበሩ፤ እጃቸውን ጠርገው እስኪወጡ አንድ ነገር ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሰሙ። ሲደርሱ የገንፎው ገበታ ተገልብጧል፣ ቅቤው ምንጣፉ ላይ ፈሷል፣ አትጠገብ በባዶ እግሯ ገንፎው ላይ ቆማ ልጇን አቅፋለች። እንባዋ ልጁ ግንባር ላይ ይንጠባጠባል።

«እማዬ» አለች፤ «አንጀቴን በላኝ። ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያለቅሰው? ይርበዋል እንዴ?»

«ርቦታል ልጄ» አሉ ወይዘሮ ሶልያና። እሳቸውም ያኔ አለቀሱ፤ ገንፎውንም እስኪደርቅ ድረስ ማንም አልጠረገውም። ባንተይርጋ በማግስቱ መጥቶ ለካና ቅጹ ላይ «ተሰርዟል» ብሎ ጻፈ።

ኅዳር ሰባት ልጁ ክርስትና ተነሳ። ስሙን ሲሳይ አሉት። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሳሎኑ ሞላ፤ ድፎው ተቆረሰ፣ ጠላው ወረደ፤ እነዚያ ሠላሳ አንድ ሴቶች አንዲትም ሳትቀር መጥተዋል። በደንቡ መሠረት መስኮቱ ገርበብ ብሏል፤ ወይዘሮ ሶልያናና አትጠገብ ሥሩ ተቀምጠዋል፤ ከአጠገባቸው ያለው ወንበር ባዶ ነው። የጦሳ ነፋስ መጋረጃውን ያወዛውዘዋል። ጋሽ ማክቤል በእንግዳ ወግ ከወዲያ ማዶ፣ ከግድግዳው የምስክር ወረቀት ሥር ተቀምጠዋል። ቀና ብለው ሁለት ጊዜ አንብበውታል።

አትጠገብ ልጇን ለምርቃት ወደ ሽማግሌዎቹ ልታቀርብ ብድግ አለች፤ ጎንበስ ስትል አመለጣት። ትንሽ አልነበረም።

አንድ ሽማግሌ «ዘንድሮ ብርዱ…» ብለው ጀመሩና ተዉት። አትጠገብ አላቀረቀረችም። ልጇን ደረቷ ላይ እንደያዘች ወደ እናቷ ዞራ አየች። ወይዘሮ ሶልያና ከመቀመጫቸው ተነሱ፤ ቁመታቸው በዚያች ሰዓት ከማንም በልጦ ነበር።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አሉ፤ ቤቱ እስኪያስተጋባ።

ለመሳቅ አይሆን፣ «አሜን» ለማለት አይሆን፤ ሰዉ ግራ ገብቶት ሳለ ጋሽ ማክቤል ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። በሰው ጉልበት መሐል እየተሹለከለኩ ወደ መስኮቱ ሄዱ። ሁሉም ያያቸዋል። ወይዘሮ ሶልያናም ያዩአቸዋል፤ እጃቸው የካፖርታቸውን ጫፍ ጨብጧል፤ ያ የሐምሌ ዝናብ እንደገና ምንጣፉ ላይ የሚወርድ መሰላቸው።

ጋሽ ማክቤል የመስኮቱን እጀታ ያዙ። ዘጉት። መቀርቀሪያውንም ወረወሩት።

«ሕፃኑን ብርድ ይመታዋል» አሉ፤ መስኮቱ ሥር፣ ከወይዘሮ ሶልያና አጠገብ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጡ።